የጂፒዩ ዳታ ማፒንግና የኮምፓይለር ባግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኦፕን ኤምፒ (ኮድን ጎን ለጎን ለማሮጥ በሚያገለግል የትእዛዞች ደንብ) ሥራ ወደ ጂፒዩ ልከው የተሳሳተ ውጤት የመጣላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ዳታ ማፒንግ ምንድን ነው?

ሲፒዩና ጂፒዩ ብዙ ጊዜ የየራሳቸው ሚሞሪ አላቸው። ሲፒዩ ጋ ያለ አሬይ ጂፒዩ ጋ እንዲሁ አይታይም። አንድ ሉፕ ጂፒዩ ላይ እንዲሮጥ ስታዙ የሚፈልገው ዳታ አብሮት መሄድ አለበት። ሥራው ሲያልቅም ውጤቱ መመለስ አለበት። ይህን የሚወስነው «ማፕ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። «ቱ» ካላችሁ ዳታው ይሄዳል እንጂ አይመለስም። «ፍሮም» ካላችሁ ጂፒዩው ላይ ቦታ ይያዛል፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱ ይመጣል። «ቱፍሮም» ሁለቱንም ያደርጋል። «አሎክ» ቦታ ከመያዝ በቀር ምንም አያመላልስም።

ኦፕን ኤምፒ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ። ወደ ጂፒዩ የመላኩ ነገር የገባው ግን በ2013 በወጣው 4.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ ክር) አንድ ሚሞሪ ስለሚጋራ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም።

ማፕ ብዬ ካልጻፍኩ ምን ይሆናል?

ኮምፓይለሩ (የጻፋችሁትን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው ፕሮግራም) በራሱ ይወስናል። አሬይና ስትራክት (የተለያዩ ቫሪያብሎችን አንድ ላይ የያዘ) እንደ «ቱፍሮም» ይቆጠራሉ። እንደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) እና ዳብል (ባለ ነጥብ ቁጥር) ያሉ ነጠላ ቫሪያብሎች ግን የሚገለበጥ ዋጋቸው ብቻ ነው፤ ጂፒዩው ላይ ብትቀይሯቸው ለውጡ ወደ እናንተ አይመለስም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በ4.0 ስሪት ነጠላ ቫሪያብሎችም «ቱፍሮም» ነበሩ። በ2015 የወጣው 4.5 ቀየረው። ስለዚህ በድሮው ደንብ የተጻፈ ኮድ በአዲስ ኮምፓይለር ሲሮጥ፣ ጂፒዩው ነጠላ ቫሪያብል ላይ የደመረው ድምር እናንተ ጋ ዜሮ ሆኖ ይቀራል። «ኮምፓይለሩን ባሳድግ ኮዴ ተበላሸ» የሚል አቤቱታ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ከ5.0 ስሪት ጀምሮ «ዲፎልትማፕ» ውስጥ «ነን» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ያኔ ኮምፓይለሩ በራሱ መወሰኑን ትቶ እያንዳንዱን ቫሪያብል በስሙ እንድትጠሩ ያስገድዳችኋል። ባግ እያሳደዳችሁ ከሆነ ይህን አሁኑኑ አድርጉት። የማፒንጉ ግማሽ ምስጢር ያኔ ይገለጣል።

ኮዴ በእርግጥ ጂፒዩ ላይ እየሮጠ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጂፒዩ ካልተገኘ ኦፕን ኤምፒ ዝም ብሎ ሥራውን ሲፒዩ ላይ ሊያካሂደው ይችላል። ስህተት አይነግራችሁም። ሲፒዩ ላይ ደግሞ ማፒንጉ ቢሳሳትም ሁሉም አንድ ሚሞሪ ስለሆነ ውጤቱ ትክክል ይመጣል። «እኔ ጋ ይሰራል» የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

«ኦኤምፒ ታርጌት ኦፍሎድ» የሚባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል «ማንዳቶሪ» ብላችሁ ሙሉት። ጂፒዩው ከሌለ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። እንደ አንድ አካል ሆኖ ሚሞሪ የሚጋራ ሲፒዩና ጂፒዩ ያለው ማሽን ላይም ተጠንቀቁ፤ እዚያም የማፒንግ ስህተት ሊደበቅ ይችላል።

ጂፒዩው አሰላ፣ ውጤቱ ግን አልተመለሰም። የኮምፓይለር ባግ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። እንደ ባግ የሚመስል ግን ባግ ያልሆነ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ራንታይሙ (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ዳታውን የሚያመላልሰው የኦፕን ኤምፒ ክፍል) ጂፒዩው ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ዳታ አንድ ቆጣሪ ይይዛል። ዳታው ማፕ በተደረገ ቁጥር ቆጣሪው በ1 ይጨምራል፣ ከማፑ ስትወጡ በ1 ይቀንሳል። ወደ ጂፒዩ የሚገለበጠው ቆጣሪው ከ0 ወደ 1 ሲወጣ ብቻ ነው። ወደ ሲፒዩ የሚመለሰው ደግሞ ከ1 ወደ 0 ሲወርድ ብቻ። አሁን 100 ቁጥር የያዘ አሬይ አላችሁ እንበል። ከላይ ሰፊ የዳታ ክልል ከፍታችሁ በ«ቱ» ላካችሁት፤ ቆጣሪው 1 ሆነ። ውስጥ ላይ ደግሞ ሉፑን በ«ቱፍሮም» ጻፋችሁ፤ 2 ሆነ። ሉፑ ሲያልቅ 1 ይሆናል። 0 ስላልደረሰ ምንም አይመለስም። የላይኛው ክልል ሲዘጋ 0 ይደርሳል፣ እዚያ ያላችሁት ግን «ቱ» ነው፤ አሁንም አይመለስም። ስሌቱ ትክክል ነበር። ውጤቱ እዚያው ጂፒዩ ላይ ጠፋ።

መፍትሔው «ታርጌት አፕዴት» ነው። ዳታው ጂፒዩ ላይ እስካለ ድረስ ቆጣሪው ስንትም ቢሆን ይገለብጣል። «ኦልዌይስ» የሚለውን ማፑ ላይ መጨመርም ያው ነው። እኔ ግን ለምርመራ «ታርጌት አፕዴት»ን እመርጣለሁ፤ የትኛው መስመር ላይ ዳታ እንደተንቀሳቀሰ ለዓይን ግልጽ ነው።

ታዲያ የኮምፓይለሩ ጥፋት ነው የምለው መቼ ነው?

የቋንቋው ደንብ «ይህ መሆን አለበት» እያለ፣ ኮምፓይለሩ ያወጣው ኮድ ሌላ ነገር ሲያደርግ። ሁለቱንም ጎን ጎን አድርጋችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ ገና ጥርጣሬ ላይ ናችሁ።

ወደዚያ ለመድረስ ሦስት ነገር ይረዳል። ያንኑ ኮድ በሁለት የተለያዩ ኮምፓይለሮች ሞክሩት፤ ለምሳሌ በክላንግና በጂሲሲ። ሁለቱ ከተለያዩ አንዳቸው ተሳስተዋል፣ ወይም ኮዳችሁ ደንቡ ውጤቱን ያልወሰነው ነገር ላይ ተደግፏል። ቀጥሎ ኮዱን ሲፒዩ ላይ በአድሬስ ሳኒታይዘር አሩጡት። ከአሬዩ ጫፍ አልፎ የሚጽፍ መስመር ካለ ያጋልጠዋል። ሦስተኛው ደንቡን ራሱ ማንበብ ነው። የኦፕን ኤምፒ ሰነድ ድርቅ ያለ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ማፕ የሚናገረው ክፍል ግን ሙሉ ከሰዓት ቢፈጅባችሁም አትቆጩም።

አንድ ማሳሰቢያ። የዳብል ድምር መጨረሻ አሃዞቹ ላይ ብቻ ቢለያይ ባግ አይደለም። ጂፒዩው የሚደምርበት ቅደም ተከተል ስለሚለይ ማጠጋጋቱም ይለያል። ለምርመራ በኢንቲጀር ተኩት፤ ኢንቲጀሩ ላይም ከተሳሳተ ያኔ ነገሩ የምር ነው።

ራንታይሙ የሚያመላልሰውን በዓይኔ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ያለዚህም ዲባግ ለማድረግ አትሞክሩ። ክላንግ ከሆነ የምትጠቀሙት «ሊብኦኤምፒታርጌት ኢንፎ» የሚባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል −1 አድርጉት። ሁሉንም ይዘረግፈዋል። የቱ ዳታ አዲስ ቦታ እንደያዘ፣ የቱ ከበፊቱ እንደነበረ፣ መጠኑ ስንት ባይት እንደሆነ፣ ቆጣሪው ስንት ላይ እንዳለ፣ መቼ ወደየት እንደተገለበጠ። ኮዱን ከዲባግ መረጃ ጋር ኮምፓይል ካደረጋችሁት የቫሪያብሉን ስምና የመስመር ቁጥሩን ሳይቀር ይጽፍላችኋል። ጂሲሲ ላይ «ጎምፕ ዲባግ»ን 1 ማድረግ የራሱን ሎግ ይከፍታል።

ሎጉ ረጅም ነው፤ ሁሉንም አታንብቡ። ችግር ያለበትን ቫሪያብል ስም ፈልጉና መጠኑን ከምትጠብቁት ጋር አስተያዩ። 100 ዳብል 800 ባይት መሆን አለበት። 8 ካያችሁ የሄደው ፖይንተሩ (የዳታውን አድራሻ የያዘው ቫሪያብል) ብቻ ነው ማለት ነው፤ የሚያመለክተው ዳታ አልሄደም።

ክላንግ ባወጣው ኮድ ውስጥ የማያቸው 35፣ 33፣ 800 የሚሉ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

የማፒንጉ ልብ እነሱ ናቸው። ኮምፓይለሩ እናንተ የጻፋችሁትን «ማፕ» ወደ ሠንጠረዥ ይቀይረዋል። ለእያንዳንዱ ዳታ አድራሻ፣ መጠንና የማፕ ዓይነት ይመዘግባል። ዓይነቱ አንድ ቁጥር ሲሆን በውስጡ ብዙ ምልክት ተደምሮ ይገኛል። 1 ማለት «ቱ» ነው። 2 «ፍሮም»። 4 «ኦልዌይስ»። 16 «ፖይንተርና የሚያመለክተው ዳታ»። 32 «ለከርነሉ (ጂፒዩው ላይ ለሚሮጠው ኮድ) አርጉመንት ሆኖ የሚገባ»። 256 «ዋጋው በቀጥታ የሚተላለፍ»። 512 «ተጠቃሚው ያልጻፈው፣ ኮምፓይለሩ በራሱ የጨመረው»።

እንግዲህ 35 ስታዩ 32 ሲደመር 2 ሲደመር 1 ነው፤ «ቱፍሮም» ማለት ነው። 33 «ቱ» ብቻ፣ 34 «ፍሮም» ብቻ። 547 ደግሞ 512 ሲደመር 35 ነው፤ ማፕ ሳትጽፉለት ኮምፓይለሩ በራሱ «ቱፍሮም» ያደረገው አሬይ። 800 የሚሆነው (ከላይ ካየነው 800 ባይት ጋር አይገናኝም) 512፣ 256 እና 32 ሲደመሩ ነው፤ ስሙን ሳትጠሩ ዋጋው ብቻ ያለፈ ነጠላ ቫሪያብል። ያ ያልተመለሰ ድምር ትዝ ይላችኋል? 800 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ይህን ማንበብ ስትችሉ ሥራው ይቀላል። ከክላንግ ኤልኤልቪኤም አይአር (ኮምፓይለሩ ወደ ማሽን ኮድ ከመቀየሩ በፊት የሚያወጣው መካከለኛ ኮድ) አስወጡና «ኦፍሎድ ማፕታይፕስ» የሚለውን ፈልጉ። እናንተ «ቱፍሮም» ብላችሁ ጽፋችሁ ሠንጠረዡ 33 ካለ፣ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ባጉ ኮምፓይለሩ ውስጥ ነው። ሠንጠረዡ ትክክል ሆኖ ውጤቱ ከተሳሳተ ደግሞ ወይ ራንታይሙ ነው፣ ወይ የጂፒዩ ኮዱ፣ ወይ እናንተ ናችሁ።

ስትራክት ውስጥ ያለ ፖይንተር ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚያስቸግረው?

አንድ ማፕ መስሎን ሦስት ስለሆነ ነው። አንድ ኢንቲጀርና አንድ ፖይንተር የያዘ ስትራክት ላካችሁ እንበል። ስትራክቱ ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ፖይንተሩ የሚያመለክተው አሬይም የራሱን ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ጂፒዩው ላይ ያለው ፖይንተር የጂፒዩውን አሬይ እንዲያመለክት መስተካከል አለበት። ይህ ማስተካከል ከቀረ ፖይንተሩ የሲፒዩውን አድራሻ እንደያዘ ይቀራል፤ ከርነሉ ሲነካው ወይ ይወድቃል ወይ ቆሻሻ ያነባል። ስትራክቱን ብቻ ማፕ አድርጎ አሬዩን መርሳት የእኛ ስህተት ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ኮምፓይለሩ ግን እዚህ ቦታ ላይ በእርግጥም ይሳሳታል። በብዙ የክላንግ ስሪቶች የስትራክቱ አባላት «እናታችን (የስትራክቱ የራሱ መዝገብ) በሠንጠረዡ ስንተኛው መዝገብ ናት» የሚለውን በላይኞቹ 16 ቢቶች ይይዙታል። እናቲቱ 1ኛ መዝገብ ከሆነች የፖይንተሩ አባል ዓይነት 281474976710675 ይሆናል። ይህ 2 በ48 ሲነሳ የሚገኘው ቁጥር ላይ 19 ተደምሮበት ነው፤ 19ኙ 16፣ 2 እና 1 ናቸው። ስሪቱ ሲቀየር አደራደሩ ሊቀየር ይችላል፤ ሐሳቡን ያዙ።

እኔን ለቀናት ያንገላታኝ ባግ እዚህ ላይ ነበር። ሁለት ስትራክቶች በአንድ ማፕ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት መዝገብ አላቸው። የሁለተኛው ስትራክት እናት 4ኛ መዝገብ ላይ ናት። ስለዚህ የፖይንተር አባሏ 1125899906842643 መሆን ነበረባት። የወጣው ግን 281474976710675 ነው። ሁለተኛው ስትራክት የአንደኛውን እናት እናቴ ብሏል! በምጠቀምበት ስሪት ራንታይሙ አባሉን ለመገልበጥ የእናቲቱን ቆጣሪ ያይ ነበር። አንደኛው ስትራክት ቀድሞ ጂፒዩ ላይ ካለ «ይሄ ከበፊቱ አለ» ብሎ የሁለተኛውን አሬይ ሳይገለብጥ ያልፋል። አንደኛው ካልነበረ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ኮዱን ሳሳጥር ባጉ እልም የሚልብኝ ለዚህ ነበር፤ ከላይ ያለውን የዳታ ክልል አላስፈላጊ መስሎኝ እቆርጠው ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ሳያቸው ግን ነገሩ ቁልጭ አለ።

በኦ0 ይሰራል፣ በኦ2 ይሳሳታል። ይህ የኮምፓይለር ባግ ማረጋገጫ ነው?

አይደለም። ኦ0 ኮምፓይለሩ ኮዱን ሳያሻሽል፣ ኦ2 አሻሽሎ እንዲያወጣ የሚያዙ ናቸው። ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብልና የትሬዶች ሽሚያም ልክ እንዲህ ያደርጋሉ። ፍንጭ ግን ነው።

አስታውሱ፣ ክላንግ አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ አንዴ ለሲፒዩ፣ አንዴ ለጂፒዩ። የማፕ ሠንጠረዡ የሚሠራው በሲፒዩው ዙር ነው፤ ያውም ገና መጀመሪያ ላይ፣ ማሻሻያዎቹ ከመምጣታቸው በፊት። ስለዚህ የሠንጠረዥ ስህተት በኦ0ም ይታያል። ኦ2 ላይ ብቻ የሚመጣ ስህተት ከሆነ ዓይናችሁን ከሠንጠረዡ አንሱና ወደ ማሻሻያ ፓሶቹ (ኮምፓይለሩ ኮዱን ተራ በተራ የሚያሻሽልባቸው ደረጃዎች) ዞር በሉ። ክላንግ የቆመበት ኤልኤልቪኤም «ኦፕት ባይሴክት ሊሚት» የሚባል መቆጣጠሪያ አለው። የመጀመሪያዎቹን 500 ፓሶች ብቻ አሩጥ ትሉታላችሁ፤ ከተበላሸ 250፣ ካልተበላሸ 750። እያጋመሳችሁ አጥፊው ፓስ ላይ ትደርሳላችሁ።

ኮዴ በሺህ የሚቆጠር መስመር ነው። ባጉን ይዤ እንዴት ላሳጥረው?

መጀመሪያ በእጃችሁ ቁረጡ። ፋይል ማንበቡን፣ ውጤት ማተሙን፣ የማያገባውን ፋንክሽን ሁሉ። በቆረጣችሁ ቁጥር እንደገና አሩጡ። ባጉ ከጠፋ የመጨረሻውን ቁራጭ መልሱ፣ ለምን እንደጠፋም አስቡ፤ ከላይ የነገርኳችሁ የዳታ ክልል ዋናው ፍንጭ ነበር፣ እኔ ግን ሦስት ጊዜ ቆርጬ ጥየዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሲ-ሪዱስ ወይም ሲቫይስ ለሚባሉት መሣሪያዎች ስጡት። ባጉ መኖሩን የሚያረጋግጥ አጭር ስክሪፕት ትጽፋላችሁ፤ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ እየቆረጡ ያድራሉ። አደጋው ስክሪፕቱ ላይ ነው። «ውጤቱ ከ42 ከተለየ ባጉ አለ» ብቻ ካላችሁት መሣሪያው አሬዩን የሚሞላውን መስመር ይቆርጥና ውጤቱ በእርግጥም ከ42 ይለያል። ጠዋት ስትመጡ ትንሽ፣ ግን ዋጋ ቢስ ኮድ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ስክሪፕቱ «ሲፒዩ ላይ 42 ይመጣል፣ ሳኒታይዘሩም ቅሬታ የለውም፣ ጂፒዩ ላይ ግን 42 አይመጣም» ይበል። የሚወድቀው ፕሮግራሙ ሳይሆን ኮምፓይለሩ ራሱ ከሆነ ደግሞ የስህተቱን መልእክት ጽሑፍ ፈልጉ፤ አለዚያ መሣሪያው ሌላ ባግ ይዞላችሁ ይመጣል።

ባለፈው ስሪት ይሰራ ነበር። የትኛው ለውጥ እንዳበላሸው ማግኘት እችላለሁ?

በጊት ባይሴክት፤ ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ደህናውን ስሪትና የተበላሸውን ትነግሩታላችሁ፣ መሐሉን እያወጣ ይሰጣችኋል። 1000 ለውጥ ቢኖር 10 ገደማ ሙከራ ይበቃል። ችግሩ በእያንዳንዱ ሙከራ ኮምፓይለሩን መገንባት ጊዜ መውሰዱ ነው፤ የምትፈልጉትን የጂፒዩ ዓይነት ብቻ መርጣችሁ ገንቡ። ኮምፓይለሩንና ራንታይሙን ከአንድ ለውጥ ላይ አብራችሁ ገንቡ። የአንዱን አዲስ ከሌላው አሮጌ ጋር ካቀላቀላችሁ የምታገኙት መልስ ውሸት ነው።

ባጉ አንዳንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። ምን ላድርግ?

«ኖዌይት» የሚለውን ፈልጉ። «ኖዌይት» ያለበት ሥራ ከኋላ ሆኖ ይሮጣል፤ ሲፒዩው ሳይጠብቀው ያልፋል። ሳትጠብቁ ውጤቱን ካነበባችሁ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። ሁሉንም «ኖዌይት» አጥፉና 100 ጊዜ አሩጡት። ችግሩ ከጠፋ የጎደለ «ዲፔንድ» ወይም «ታስክዌይት» (ሥራው እስኪያልቅ የሚያስጠብቁ ትእዛዞች) አለ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ኮድ ፈትሹ። ሁለት ትሬዶች አንድን አሬይ በአንድ ጊዜ ማፕ ሲያደርጉና ሲያስወጡም ቆጣሪው ያልጠበቃችሁት ቦታ ላይ 0 ሊደርስ ይችላል። ይህ በሎጉ ላይ በደንብ ይታያል።

ሪፖርቱ ውስጥ ምን ልጻፍ? እስኪጠገንስ ምን ላድርግ?

ያጠረው ኮድ፣ የኮምፓይለሩ ትክክለኛ ስሪት፣ የተጠቀማችሁበት ሙሉ ትእዛዝ፣ የጂፒዩው ዓይነት፣ የጠበቃችሁትና ያገኛችሁት ውጤት። የደንቡን ክፍል ቁጥር ጥቀሱ። ሠንጠረዡን ካነበባችሁ ትክክል መሆን የነበረበትን ቁጥርና የወጣውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ባጉን የሚያስተካክለው ሰው የእናንተ ጂፒዩ ላይኖረው ይችላል፤ ቁጥሩን ግን ያለ ጂፒዩ ኮምፓይል አድርጎ ሊያየው ይችላል። ይህ ሪፖርቱን ለወራት ከመቆየት ያድነዋል።

እስከዚያው ማፑን ከፋፍሉት። ሁለቱን ስትራክቶች በሁለት የተለያዩ «ታርጌት ኤንተር ዳታ» መስመሮች ላኳቸው። ወይም ፖይንተሩን ከስትራክቱ አውጥታችሁ በተራ ቫሪያብል ያዙና እሱን ማፕ አድርጉ። እኔ ያን ጊዜ ያደረግሁት ይህንን ነበር። ከመስመሩ በላይ የሪፖርቱን ቁጥር በኮሜንት ጻፉ፤ ያጠረውን ኮድም ከቴስቶቻችሁ ጋር አስቀምጡት። አዲስ ስሪት በጫናችሁ ቁጥር አብሮ ይሮጣል፣ ያለፈ ዕለት ያንን መስመር ታነሱታላችሁ።